ያገለገለ ፒክስል 6ኤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የባትሪው ነገር አሳስቦኛል

ጥለት ከቆዬ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። መገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ ፒክስል 6ኤ አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ከአሜሪካ የመጣ ነው ተብያለሁ። ጭረት እንኳ የለበትም። ሻጩ 25,000 ብር ብሎ ጀምሮ በስንት ክርክር 23,000 ላይ ቆመ። ቀብድ አልከፈልኩም፤ እስከ ቅዳሜ ለሌላ ሰው እንዳይሸጠው ብቻ ለምኜዋለሁ።

ለምን ይህን ስልክ እንደፈለግኩ ልንገራችሁ። የምኖረው ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሐበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ኪራይ የምከፍልበት ሱቅ የለኝም፤ ሱቄ ስልኬ ነው። ሸማኔዎቼ ሽሮ ሜዳ ናቸው፣ ደንበኞቼ ቴሌግራም ላይ ናቸው፣ ክፍያውም በቴሌብር ይገባልኛል። አሁን የያዝኩት ስልክ ግን ቀለም ይለውጥብኛል። በቅርቡ ጥለቱ ደማቅ ቀይ፣ ዳር ዳሩን ቀጭን የወርቅ ክር የሄደበት ቀሚስ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው ላይ ቀዩ ብርቱካናማ ሆነ። የወርቁ ክር ጨርሶ ጠፋ። ነጩ ፈትል ደግሞ ቤት መብራት ላይ ሲነሳ ሰማያዊ ይመታል። ደንበኛዬ ቀሚሱ ሲደርሳት «እኔ ያዘዝኩት ይህን አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው፤ ፎቶው ላይ ያየችው ሌላ ቀሚስ ነው።

መገናኛ ያለው ሻጭ በዚያ ፒክስል የለበስኩትን ነጠላ ጫፍ አንስቶ አሳየኝ። ክር በክር ይቆጠራል። ቀለሙም ያው ራሱ ነው።

ቤት ገብቼ ስለ ስልኩ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ባትሪው ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ የተቃጠለም አለ ይላሉ። ቤታችን ስቱዲዮ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው። ስለዚህ ስልክ ቻርጅ የምናደርገው ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ሁላችንም ተኝተን ነው። ባለቤቴ «ሰው ሁሉ ይዞት ይሄዳል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምትፈሪው» ይለኛል። ወንድሜም ግዢው ባይ ነው። እኔ ግን ልጆቼ አጠገብ የማስቀምጠው ነገር ስለሆነ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምታውቁት ንገሩኝ።

ሱሉልታ

እህቴ እኔ 6ኤ ይዤ ነው የምጽፍልሽ። ካሜራው የተባለለትን ያህል ነው። ማታ እንኳ የልጆቼን ፎቶ ሳነሳ የፊታቸውን መልክ አይለውጥም። የእኔ ስልክ የባትሪ ችግር ካለባቸው ውስጥ እንዳልሆነ በመለያ ቁጥሩ አረጋግጫለሁ፣ እስካሁንም አንድ ቀን ሞቆብኝ አያውቅም። ሁሉንም 6ኤ በአንድ ላይ አትኮንኚው። ግን ሳታጣሪ አትግዢ።

ጥገና ጀሞ

እህቴ፣ ጀሞ 1 ስልክ እጠግናለሁ። ነገሩ የቤተሰብ ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ያነበብሽው ወሬ አይደለም። የፒክስል አምራች ጉግል ራሱ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ለ6ኤ አስገዳጅ አፕዴት ለቋል። የአንዳንዶቹ ባትሪ ከመጠን በላይ የመሞቅ አደጋ ስላለው ነው። ከዚያ በፊት የተቃጠሉ 6ኤዎች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ነበር። አፕዴቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። በተጠቁት ስልኮች ላይ ባትሪው 400 ዙር ሲሞላ ስልኩ በራሱ የባትሪውን አቅምና የቻርጁን ፍጥነት ይቀንሳል። አንድ ዙር ማለት ከዜሮ እስከ መቶ የመሙላት ያህል ነው፤ ሁለቴ ግማሽ ግማሽ ብትሞዪው አንድ ዙር ይቆጠራል። በቀን አንድ ዙር የሚፈጅ ሰው 400ውን በዓመት ከወር ገደማ ይጨርሰዋል። 6ኤ ገበያ የወጣው በሐምሌ 2014 ነው። ስለዚህ ያ ስልክ ላዩ ቢያበራም ባትሪው ብዙ ያገለገለ ነው ብለሽ ተነሺ።

ይህ ነገር 6ኤ ላይ ብቻ አልታየም። በ2017 በገና ሰሞን ለ4ኤ የባትሪውን አቅም የሚቀንስ አፕዴት ወጥቷል። በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ባትሪያቸው ለሚያብጥ 7ኤዎች የቅያሪ ፕሮግራም ተከፍቷል። ሻጩ «እንግዲያው 7ኤ ልስጥሽ» ካለሽ ይህን አትርሺ።

አሁን ዋናው ነገር። ጉግል ለተጠቁት 6ኤዎች ነፃ የባትሪ ቅያሪ ወይም 100 ዶላር ካሳ አቅርቧል። ቅያሪው ግን እንደ አሜሪካ፣ ጀርመንና ህንድ ባሉ ጥቂት አገሮች ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፒክስል በይፋ አይሸጥም፤ ስለዚህ የምንሄድበት ቢሮ የለም። ችግሩ ከስልኩ ጋር ተጭኖ ይመጣል፣ መፍትሔው እዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ «ችግሩ ተፈቷል» የሚለውን አንብቦ ይገዛል። የተፈታው ለእነሱ ነው።

እኛ ጋ አይቀየርም ወይ ካልሽኝ፣ ይቀየራል። ግን 6ኤ የሚከፈተው በስክሪኑ በኩል ነው። ስክሪኑን አሙቀን፣ ሙጫውን አላቅቀን፣ ከስሩ ያለውን ፈትተን ነው ባትሪው ጋ የምንደርሰው። በዚህ መሃል ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ጣጣው ብዙ ነው። አሻራ የሚያነበው ከስክሪኑ ስር ነው፤ ስክሪን ሲቀየር በሶፍትዌር እንደገና ማስተካከል ይፈልጋል። የሳምሰንግ ዕቃ ከሆነ ጠዋት መርካቶ ሄጄ ከሰዓት ይዤ እመለሳለሁ። የ6ኤ ፍለጋ ነው፤ ከተገኘም አብዛኛው ኮፒ ነው። በመሞቅ የታወቀ ስልክ ውስጥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባትሪ እኔ በእጄ አላስገባም። ደንበኛ ተቆጥቶኝ ቢሄድም አላስገባም።

ስለ መብራቱ ላንሳ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ቻርጀሩ ነው። ጥሩ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይችላል። የሚያሰጋው መንገድ ላይ የሚሸጠው ርካሹ ነው። 6ኤ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ካርቶኑ ውስጥ ኬብል እንጂ አዳፕተር የለውም። ሻጩ የሚጨምርልሽ አዳፕተር የሌላ ስልክ ነው ማለት ነው። የትኛውንም ስልክ ብትገዢ አልጋ ላይ፣ ትራስ ስር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ቻርጅ አታድርጊ። ሴራሚኩ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃ ራቅ አድርገሽ ሰኪው። ጀርባው ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከዳር ብድግ ካለ ያንኑ ሰዓት ንቀዪው፣ ደግመሽም አትሰኪው።

ለማንኛውም ቅዳሜ ስትሄጂ *#06# ደውዪ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር፣ ይወጣል። በዚያ ቁጥር ጉግል የድጋፍ ገጽ ላይ ከተጠቁት መሆን አለመሆኑን እይ። ሲምሽንም አስገብተሽ ደውዪበት፤ ከአሜሪካ ከሚመጡት ውስጥ በዚያው ኔትወርክ የተቆለፉ አሉ። ሻጩ ይህን ሁሉ እንድታዪ ካልፈቀደ ጥለሽው ውጪ።

ለገጣፎ 2

ጥገና ጀሞ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ችግር የተወራበት ስልክ ሁሉ አንድ አይደለም። አይፎን 15 ፕሮ በመስከረም 2016 ሲወጣ ይሞቃል ተብሎ ስንት ተወራ። አፕል ብዙም ሳይቆይ በአይኦኤስ 17.0.3 አፕዴት አስተካከለው። የጋላክሲ ኖት 7 ግን ሌላ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚሆን ስልክ ሰበሰበ፣ የተቀየረውም ተቃጠለ፣ በመጨረሻ ምርቱን አቆመ። ጥፋቱ ባትሪው ውስጥ ስለነበር በአፕዴት የሚድን አልነበረም። እኔ ስልክ ስገዛ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ችግሩ ሶፍትዌሩ ላይ ነው ወይስ ዕቃው ላይ? የ6ኤ ዕቃው ላይ ነው። አፕዴቱ ባትሪውን ያረጋጋዋል እንጂ አዲስ አያደርገውም።

እኔ ብሆን አዲስ ጋላክሲ ኤ35 እገዛለሁ። ካሜራው 50 ሜጋፒክስል ነው፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋ አለው፣ ባትሪው 5,000 ሚሊአምፒር ነው። ዋጋው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ስልክ የማይቀመስ ሆኗል። ሰው ወደ ያገለገለ የሚሮጠውም ለዚህ ነው። ግን ኤ35 ቢበላሽ የሚጠግነው ሰፈርሽ አለ።

ቀለሙ የሚያሳስብሽ ከሆነ ደግሞ የማንንም ወሬ አትስሚ። ያንኑ ቀይ ጥለት ያለውን ቀሚስ ይዘሽ ሂጂና ሁለቱንም ስልክ ሱቁ በር ላይ በቀን ብርሃን ሞክሪያቸው።

ጥለት ከቆዬ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥገና ጀሞ፣ ወንድሜ፣ እንደዚህ ጊዜህን ሰጥተህ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት፤ ወለል ላይ ሰኪው ያልከውን ያን ቀን ማታ እሱ ራሱ ጀመረው።

ቅዳሜ ቀሚሱን ይዤ ሄድኩ። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ድረስ ታክሲው ውስጥ እንዳይጨማደድ እቅፍ አድርጌው ነው የሄድኩት። ሱቁ በር ላይ በሁለቱም አነሳሁት። 6ኤ ቀዩን ልክ እንዳለ ነው ያወጣው፤ የወርቁ ክርም ከነብልጭታው ይታያል። ኤ35 ቀዩን ትንሽ አደመቀው፣ ግን ቀይ ነው፣ ብርቱካናማ አይደለም። ሱቁ ውስጥ በመብራት ሲሆን ልዩነቱ ሰፋ። እዚያ 6ኤ በግልጽ ይበልጣል። ነጩ ፈትል በ6ኤ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ሳይ በእውነት አሳዘነኝ።

ከዚያ *#06# ደወልኩ። ሻጩ ፈቀደልኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ቁጥሩን እዚያው ቆሜ አስገባሁት። ከተጠቁት ውስጥ ነው። ልጁም «አፕዴቱን አታድርጊው፣ ባትሪው እንዳለ ይቆይልሻል» አለኝ። ለእኔ መፍትሔ የነገረኝ መስሎት ነው። እኔ ግን ያኔ ወሰንኩ። አደጋውን እንዲቀንስ የወጣን ነገር አጥፍቼ ልጆቼ አጠገብ ልሰካው አልችልም። አፕዴቱን ካደረግኩት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር የምጻጻፍበት ስልክ እስከ ከሰዓት አይቆይልኝም፤ መብራት የሌለ ቀን ሱቄ ተዘጋ ማለት ነው።

6ኤውን ትቼዋለሁ። የሚቀጥለው ወር እቁቤ ይደርሰኛል፤ ያለኝ ላይ ጨምሬ አዲስ ኤ35 እገዛለሁ። እስከዚያ ፎቶ የማነሳው ጠዋት ደረጃው መስኮት አጠገብ ነው፤ እዚያ የሚገባው ብርሃን ከቤት መብራት ይሻላል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። አዲስ ነው ተብሎ የተከፈተ እንዳይሸጡልኝ ምኑን ልይ?

ጥገና ጀሞ

ደግ አድርገሻል። አፕዴቱን አታድርጊ ያለሽን ሰው ሁሉ አትስሚው፤ ያ አፕዴት የወጣው ለሰው ደህንነት ነው።

ለኤ35 ካርቶኑ የታሸገበትን ማኅተም ራስሽ ቅደጂው፣ እነሱ ከፍተው እንዳይሰጡሽ። ስታበሪው ቋንቋ ከመምረጥ መጀመር አለበት፤ ቀጥታ ወደ ዋናው ገጽ ከገባ ሰው ነክቶታል። *#06# ላይ የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን እይ። ደረሰኝ ተቀበዪ፤ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይም እንዲጻፍልሽ ጠይቂ፣ ዋስትና ብትፈልጊ የሚይዝልሽ እሱ ነው። ካርቶኑ ውስጥ አዳፕተር ስለሌለው ኦሪጅናሉን ለብቻው መግዛት አለብሽ። ሳምሰንግን በይፋ ከሚሸጥ ሱቅ ግዢው፣ የእሱን ብር ከእቁቡ ላይ አስቀድመሽ ለይው።