ባለ ሁለት ግንባሩን የዌልስ የእንፋሎት ባቡር ለአባቴ እንዴት ላሳያቸው?

ጥያቄ፦ ሳሚ (ማንቸስተር)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ለሦስት ሳምንት እኔ ጋ ናቸው። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ በመካኒክነት ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። የሠሩት በናፍጣው ላይ ነው፤ የእንፋሎቱን የሚያውቁት አያቴ ሲያወሩ ሰምተው ነው።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ አሳየኋቸው። ዌልስ ውስጥ ያለ ፌስቲኒዮግ የሚባል ትንሽ የባቡር ኩባንያ ሎኮሞቲቭ ነው። በፊትም በኋላም ጭስ ማውጫ አለው፤ ነጂው የሚቆመው መሃል ላይ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩትና «ሁለት ባቡር ጀርባ ለጀርባ አቁመው ነው ያነሱት» አሉ። አንድ ነው ብላቸው አላመኑኝም።

ዛሬም ይሠራል ወይ? መኪና ስለሌለኝ በባቡር እንዴት ይኬዳል? ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ብዙ መራመድ አይችሉም። አሠራሩን በደንብ የሚያውቅ ካለም ያስረዳኝ። እሳቸው ካልገባቸው ጥያቄ አያቆሙም።

መልስ፦ ትርሲት (ሊቨርፑል)

አባባን እንኳን ደህና መጡ በልልኝ። አዎ፣ ይሠራል። ልጆቼን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።

ከማንቸስተር ላንዲድኖ ጃንክሽን ድረስ በባቡር ሂዱ። እዚያ ወርዳችሁ የኮንዊን ሸለቆ ተከትሎ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ የሚደርሰውን ያዙ። ይሄኛው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ የጉዞውን ሰዓት ከሱ ተነሥተህ አስላ። ደግነቱ ብላይናይ ላይ የመደበኛው መስመርና የትንሹ ባቡር ለገሀር አንድ ላይ ነው። ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው መሻገር ብቻ ነው፤ ለአባባ ጉልበት ይመቻል። ከዚያ እስከ ባሕሩ ዳር ፖርትማዶግ ድረስ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ስትወርዱ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ ሸለቆው በዚያ በኩል ነው የሚታየው።

ትኬት ቀድመህ ቁረጥ። ደግሞ ሁልጊዜ ባለ ሁለት ግንባሩ አይደለም የሚወጣው። በዚያ ቀን የትኛው እንደሚጎትት ደውለህ ጠይቅ። እኔ መጀመሪያ ሳልጠይቅ ሄጄ ሌላ ነው ያገኘሁት።

መልስ፦ ቦይለር ጠጋኙ (ደርቢ)

አባትህ ሁለት ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። ግን ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት በርሜል፣ አንድ ወጥ ነው። መሃል ላይ ሁለት እሳት ይነዳል፤ የአንዱ ጭስ ወደፊት የሌላው ወደኋላ በቱቦዎቹ አልፎ በሁለቱ ጫፍ ይወጣል። ቦይለሩ የነጂውን ክፍል ለሁለት ከፍሎት ስለሚያልፍ ነጂው በአንድ ጎን፣ እሳት አንዳጁ በሌላው ጎን ይቆማሉ። የእሳቱ በር በጎን ነው። አንዳጁ አካፋውን ይዞ አንዴ ወደ ግራው እሳት፣ አንዴ ወደ ቀኙ ከሰል ይጨምራል።

ዋናው ብልሃት ግን ከታች ነው። አራት አራት ጎማ ያላቸው ሁለት ጋሪዎች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ሲሊንደር አለው፣ ለብቻውም ይዞራል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ረጅም ሆኖ ጠባብ ኩርባ ላይ ይታጠፋል። ሁሉም ጎማ ስለሚጎትት ክብደቱ በሙሉ ሐዲዱን ቆንጥጦ ለመያዝ ይውላል። መጨረሻ ሲደርስም ማዞር አያስፈልገውም።

ኩባንያው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው፣ ስሌት የሚባለውን የጣሪያ ድንጋይ ከተራራው ወደ ወደብ ለማውረድ። በ1863 ጆርጅ ኢንግላንድ የሚባል የለንደን ሠሪ ትንንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አቀረበለት። ጭነቱ ሲበዛ አልቻሉትም። በ1869 ሮበርት ፌርሊ በፈጠረው ንድፍ የተሠራ ሊትል ወንደር የሚባል ባለ ሁለት ግንባር ሎኮሞቲቭ መጣ፤ በ1870 ሲሞከር ከሩሲያ ሳይቀር መጥተው አዩት። ኩባንያው ከዚያ በራሱ ወርክሾፕ፣ ቦስተን ሎጅ፣ መርዲን ኤምሪስ የሚባለውን ባለ ሁለት ግንባር በ1879 ሠራ። እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ በ2023 ጄምስ ስፑነር የሚባል አዲስ ተሠርቶ ወጥቷል። ይሄን ለአባትህ ንገራቸው። የወርክሾፕ ሰው ከምንም በላይ ይሄ ነው የሚገባው።

መልስ፦ የድሬ ልጅ (ለንደን)

ሳሚ፣ የሐዲዱን ስፋት ሳትነግራቸው እንዳትሄድ። የኛ የድሮው መስመር 1 ሜትር ነበር። ይሄ 597 ሚሊሜትር ነው! ደግሞ በፈረስ ዘመን የተጫኑት ፉርጎዎች ያለ ምንም ጎታች በቁልቁለቱ ብቻ ይወርዱ ነበር። ፈረሶቹም ለነሱ በተሠራ ፉርጎ ተጭነው አብረው ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ነው ባዶውን የሚጎትቱት።

አንድ ጥያቄ ለቦይለር ጠጋኙ፦ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን ዓለምን አልሞላም?

መልስ፦ ቦይለር ጠጋኙ

ሜክሲኮም ሩሲያም ገዝተውት ነበር። ችግሩ እንፋሎቱ ወደሚዞረው ጋሪ የሚሄደው በሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ነው፤ በዚያ ዘመን መገጣጠሚያው ያፈስ ነበር። የከሰልና የውሃ ቦታውም ጠባብ ነው፣ ለሩቅ መንገድ አይሆንም። ለዚህ ዳገት ግን ልክ ነው።

ሳሚ

ቅዳሜ ሄድን። ትርሲት፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደውዬ ስጠይቅ ጄምስ ስፑነር ነው ያሉኝ። ፖርትማዶግ ስንደርስ ነጂው ወርዶ ዘይት ያጠጣ ነበር። አባቴ ዱላቸውን ለኔ ሰጥተው ጎንበስ አሉና ከጎማዎቹ በላይ ያለውን ቱቦ በጣታቸው ተከተሉት፣ ሳይነኩት። መገጣጠሚያው ላይ ሲደርሱ «ይሄ ነው የሚያፈሰው» አሉ። ተረጎምኩለት። ነጂው ዘይት ማጠጫውን አስቀምጦ በሌላው በኩል ያለውን ሊያሳያቸው ይዟቸው ዞረ። ጉልበታቸውን አንዴም አላነሡም።

አሁን ፎቶውን ድሬ ላሉ የሥራ ጓደኞቻቸው እየላኩ ነው። አንዱ «ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት ባቡሮች ናቸው» ብሎ ጻፈላቸው። ደውለው እያስረዱት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሆናቸው።