ፊት የሌላቸው ቅዱሳን፦ የማቲስ ሥዕሎች ለጸሎት ቤት ይገባሉን?

የክርክሩ መነሻ፦ በደቡብ ፈረንሳይ በቫንስ ከተማ የሚገኘውን የዶሚኒካን (የካቶሊክ ገዳማዊ ማኅበር) ደናግል ጸሎት ቤት ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1951 ከመስኮቱ እስከ ልብሰ ተክህኖው ድረስ ራሱ ነድፎለታል። በነጭ ሰድር ላይ በጥቁር መስመር የሣላቸው የማኅበሩ መሥራች ቅዱስ ዶሚኒክም ሆኑ እመቤታችን ከነልጇ ዓይንም አፍም የላቸውም። እንዲህ ያለ ሥዕል ለአምልኮ ስፍራ ይገባልን?

ተቃዋሚ፦ አይገባም ባይ ነኝ። የሰውየው ችሎታ አያከራክርም፤ ነገር ግን ቅዱሳን የሚሣሉት ምእመኑ ቀና ብሎ እንዲያያቸው ብቻ ሳይሆን እነርሱም እንደሚያዩት እንዲያውቅ ነው። የአገራችን ሠዓልያን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ከሐዲውን በጎን በአንድ ዓይን የሚሥሉት ለዚሁ ነው። ዓይን የሌለው ቅዱስ ማንን ያያል? ሠዓሊው ራሱ ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ እንዳልነበረም አንርሳ።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ አዘውታሪ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ሥራው የመጣበትን መንገድ ግን አብረን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ያስታመመችው ወጣት ኋላ መንኩሳ እኅት ዣክ ማሪ ተባለች፤ ስለ ጸሎት ቤቱ ያማከረችውም እርስዋ ናት። በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሕመምተኛ በረጅም ዘንግ ጫፍ ብሩሽ አስሮ ዓመታት የደከመበትን፣ ከነጉድለቱም የሕይወቴ ታላቅ ሥራ ያለውን ነገር እንደ ዋዛ ማየት አይገባም። ስለ ፊቱ ደግሞ በዚያው ጸሎት ቤት የተሣለውን ፍኖተ መስቀል፣ ማለት የጌታን የሕማም ጉዞ በአሥራ አራት ምዕራፎች የሚያሳየውን ሥዕል፣ ስድስተኛ ምዕራፍ ተመልከት፦ በትውፊት የጌታን ፊት ያበሰችው ቬሮኒካ በዘረጋችው ጨርቅ ላይ የክርስቶስ ፊት ከነዓይኑ፣ ከነአፍንጫው፣ ከነአፉ ታትሟል። ፊት መሣል የሚችልና ፊትን ለዚያች ጨርቅ ያቈየ ሰው የሌሎቹን ረስቶት ነው ማለት ይከብደኛል።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ የፊቱ ነገር ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ አሥራ አራቱ ምዕራፎች ባንድ ግድግዳ ላይ ተፋፍገው መሣላቸው ነው። ፍኖተ መስቀል በእግር የሚጸለይ ጸሎት ነው፤ ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው እየተራመድን፣ በየደረስንበት እየተንበረከክን እንጸልያለን። በቫንስ ግን ጸሎተኛው ባለበት ቆሞ ከግራ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣውን ቍጥር በዓይኑ መከተል አለበት፤ መስመሮቹም በጥድፊያ የተጫሩ ይመስላሉ። ይህ ለሥነ ጥበብ ተመልካች ይመች ይሆናል፤ ለጉልበት ግን ቦታ አልተወለትም።

ደጋፊ፦ እኅቴ፣ ይህ ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ያ ግድግዳ የኮረብታን አቀበት ይመስላል፤ ስቅለቱም ከላይ መካከል ላይ ነው። ጥድፊያ ያልሽውን እኔ የሚንገዳገድ ሰው እርምጃ አድርጌ አነበዋለሁ፤ ሠዓሊው ደጋግሞ ካጠና በኋላ እንዲያ መሣሉ ሆን ብሎ ነውና።

ተቃዋሚ፦ ለአምልኮ ስፍራ የሚገባውን የሚወስነው ማን እንደሆነም እንጠይቅ። በዚያው በ1951 በፈረንሳይ በአሲ ቤተ ክርስቲያን የቀራጺዋ የዤርሜን ሪሺዬ የስቅለት ሐውልት ከተቃውሞ በኋላ በሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ትእዛዝ ተነሥቶ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሷል። ስለ ቬሮኒካ ጨርቅ ተረትቻለሁ። በእመቤታችን ፊት ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም፤ እናት ልጇን ስታቅፍ ዓይን ያስፈልጋታል።