የጋራዥ ወለል፦ ኢፖክሲ ከመቀባቴ በፊት አሲድ ይበቃል?

ባለባጃጅ (አዘዞ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ ትንሽ የባጃጅ ጋራዥ አለኝ፣ 5 በ6 ሜትር። ወለሉ የሲሚንቶ ሊሾ ነው። አምና ከጥምቀት በኋላ የወለል ቀለም ቀባሁት። ክረምቱ ሳይወጣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ሞተር የማወርድበት ጥግ ባሰበት፤ የጓሮው ግድግዳ ሥርም እንደዚያው። ከመቀባቴ በፊት ጠርጌ በኦሞ አጥቤው ነበር። አሁን ለኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ ጠንካራ የወለል ቀለም) ብር አጠራቅሜያለሁ። ዳግም እንዲላጥብኝ አልፈልግም። ጓደኛዬ «አሲድ ድፋበትና ቀባ» ይለኛል። ይበቃል?

ግንበኛው (ማራኪ)፦
ቆይ ወንድሜ፣ አሲዱን ተወው። አሲድ ሲሚንቶ ይበላል እንጂ ዘይት አይበላም። ዘይት ከጠጣ ወለል ላይ ብትደፋው ሲሚንቶውን ሳይነካ ይቀራል።

መጀመሪያ የተላጠውን ቅርፊት ገልብጠህ እይ። ጀርባው ላይ የሲሚንቶ ዱቄት ይዞ ከመጣ የሊሾው ገጽ ራሱ ደካማ ነው። ለስላሳ ከሆነ ቀለሙ መያዣ አላገኘም ማለት ነው፤ ወይ ዘይት ነው፣ ወይ የሊሾው ልስላሴ።

ዘይቱን በቅባት ማጽጃና በሙቅ ውኃ፣ በሽቦ ብሩሽ ደጋግመህ እሸው። አልለቅም ካለ ያንን ቦታ ፈልፍለህ አውጣና በአዲስ ሲሚንቶ ሙላው፤ እሱን 28 ቀን ጠብቀው። ከዚያ ግራይንደር ላይ የአልማዝ ዲስክ ግጠምና የድሮውን ቀለም ጨምረህ ፋቀው፣ ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር። አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ደህና ማስክ አድርግ፣ በር ክፈት። ስትጨርስ ውኃ ጠብ አድርግበት። ቶሎ ከጠጣው ደርሷል። ጠብታዋ ክብ ሆና ከተቀመጠች ገና ነው።

የባለጋራዥ ልጅ (ፒያሳ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። የአባቴም ጋራዥ እንዲሁ ሆኖብን ነበር። የኛ ግን ዘይት አልነበረም፣ ከሥር የሚወጣ እርጥበት ነው። 50 በ50 ሳንቲሜትር ላስቲክ ቁረጥና ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ወለሉ ላይ ለጥፈው። በማግስቱ ስታነሣው ውስጡ ካላበው ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ አትቀባ። በበጋ ብቻ ሞክረህ ግን እንዳታምን! እኛ ሚያዝያ ላይ ስንሞክረው ደረቅ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ አፈሩ ውኃ ሲጠግብ፣ ቀለሙ ተነፋፍቶ ተነሣ።

ባለባጃጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅርፊቱን ገልብጬ አየሁ። የሞተሩ ጥግ ጀርባው ለስላሳ ነው፣ ዘይት ዘይት ይላል። የግድግዳው ሥር ግን እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር አለው። እሱስ ምንድን ነው?

ግንበኛው፦
ጨው ነው። ውኃ በሲሚንቶው ውስጥ ሲወጣ ይዞት ይመጣል። የጣራህ ውኃ የት ነው የሚወርደው?

ባለባጃጅ፦
እዚያው ግድግዳ ሥር። አሸንዳ የለኝም።

ግንበኛው፦
እንግዲያው ከኢፖክሲው ብር ቀንሰህ አሸንዳ አስገጥም። ውኃውን ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይም ቆፍር። ዘይቱን ከአሁኑ መፋቅ ጀምር። ላስቲኩን ነሐሴ ላይ ለጥፈህ እይ። ደረቅ ከሆነ ጥቅምት ላይ ትቀባዋለህ።