ሻማዬ ላይ ያለው ቅጠል እሳት ያዘ! ባዛሩ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው

ጨረቃ በደጄ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው። ለሙከራ ያበራሁት ሻማ ላይ ሁለተኛ እሳት ተነሳ። ክሩ ላይ አይደለም፣ ጎኑ ላይ። የላቬንደሩ ዘለላ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ትንሽ ጨሰ፣ ከዚያ ቦግ አለ። ወዲያው አጠገቡ ያለው ሮዝመሪ ተቀበለው። ብርጭቆው ቀጭ ብሎ ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። የድስት ክዳን ደፋሁበትና ጠፋ።

እንደሱ የተሠሩ ሻማዎች መደርደሪያ ሙሉ አሉኝ። ሁሉም ላይ ከጓሮዬ የደረቀ ቅጠልና አበባ ተነስንሷል። ሌብላቸው ሳይቀር ተለጥፏል፦ «የሙሉ ጨረቃ ሻማ፣ ክፉ መንፈስ ያባርራል»። ባዛሩ ከነገ ወዲያ ነው። ችግሩ ክሩ ይመስለኛል። ቀጭን ልግዛ ወይስ ወፍራም? ያለውን ነቅሎ መቀየርስ ይቻላል? እባካችሁ ፍጠኑልኝ።

ሰምና ወርቅ
ክሩን 6 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀርተሽ ቁረጪው። ረጅም ክር ረጅም ነበልባል ያመጣል። ሌላ ነገር የለውም።

ጥቁር ድመት
እንኳን መንፈሱ ወጣልሽ። በሩን ቢያጣው ነው በብርጭቆው በኩል የወጣው። ሌብሉ ምን አጠፋ? ያለውን አደረገ።

የእሳት ዘብ
ቀልዱን እናቆየው። እህቴ፣ ያዳነሽ ክዳኑ ነው። ይህን ሌላውም ሰው ያንብበው። እየነደደ ባለ ሰም ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው እሳቱን ግድግዳ ላይ ይረጨዋል። ውሃ ከሰም ይከብዳል፣ ስለዚህ ወደ ታች ይሰምጣል። እዚያ በአንዴ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ሰም ወደ ላይ ይተፋዋል። ክዳን ወይም የብረት ትሪ ይበቃል። ከጠፋም በኋላ ቶሎ አይከፈትም፤ ሰሙ በጣም ትኩስ ከሆነ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሌላም ልበል። ሰም ስታቀልጪ ድስቱን በቀጥታ ምድጃ ላይ አትጣጂው። ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጠሽ አቅልጪ። ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ስለማያልፍ ሰሙ ከልክ በላይ አይግልም። ውሃው ግን እንዳያልቅ ተጠንቀቂ። ጥለሽው ሌላ ክፍል አትሂጂ። ስልክ አታንሺ። ደግሞ ከጣሪያሽ ላይ ደረቅ ቅጠል በእቅፍ በእቅፍ ተንጠልጥሎ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ከስሩ ሻማ አይበራም። መጋረጃ አጠገብም አይበራም። እንቅልፍ ሲመጣ...

ጨረቃ በደጄ (ጠያቂ)
በጣም አመሰግናለሁ፣ እሳቱ ግን ጠፍቷል። ጥያቄዬ ስለ ክሩ ነው።

ቀና መንገድ
ክሩን ተዪውና ስለ ጥንቆላው እናውራ። ሙሉ ጨረቃ፣ መንፈስ ማባረር፣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ቅጠል። ይህ ሁሉ ምን ሊሆን ነው?

ጨረቃ በደጄ (ጠያቂ)
ወንድሜ፣ ጓሮ አለኝ፣ ሹራብ እሠራለሁ፣ ሻማ አፈስሳለሁ። ጓደኞቼ ቤቴን «የጠንቋይዋ ቤት» ብለው ስለሚቀልዱ ስሙን ወደድኩት። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ቀና መንገድ
ከዚያ ያለፈ ከሌለ ለምን «ያባርራል» ብለሽ ትሸጫለሽ? ወይ ታምኚበታለሽ፣ ወይ ገዢውን ታታልያለሽ። ሦስተኛ መንገድ ካለ ንገሪኝ።

ጥቁር ድመት
ሦስተኛው መንገድ «ሽታው ደስ ይላል» ማለት ነው። ቀና መንገድ፣ ዛሬስ ልክ ነህ፣ ግን ሰው እሳት ላይ ቆማ ነው የያዝካት።

እትዬ ጦስኝ
ልጄ፣ መጀመሪያ ያልነገርሽን ነገር አለ። ሰሙ ምንድን ነው? ሽታውን ከምን አገኘሽው? ቅጠሉ ላይ ላዩን ብቻ ነው ወይስ ውስጡም ገብቷል?

ጨረቃ በደጄ (ጠያቂ)
እትዬ፣ የሶያ ሰም ነው። ሽታው የራሴ ነው፤ ሮዝመሪና ላቬንደር ወይራ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ አቆይቼ ያጠለልኩት። ውስጡም አለበት። ከብርጭቆው ስር ዱቄት አድርጌ ነስንሻለሁ፣ ከላይ ደግሞ ሙሉ ዘለላ። ምን አገናኘው?

እትዬ ጦስኝ
ሁሉንም አገናኘው። ክሩን ለጊዜው እርሺው።

ሻማ ሲነድ የሚነደው ክሩ ሳይሆን ሰሙ ነው። የቀለጠው ሰም በክሩ ቃጫ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተንና ይነዳል። የደረቀ ቅጠልም ቃጫ ነው። የቀለጠ ሰም ውስጥ ሲቆም እሱም ሰሙን ይስበዋል። ነበልባሉ ትንሽ ከነካው ሌላ ክር ሆነ ማለት ነው። አንቺ አንድ ክር አስገባሁ ብለሽ ሃያ አስገብተሻል። ብርጭቆውም የተሰነጠቀው ለዚህ ነው። እሳቱ መሃል ላይ ሲሆን ሙቀቱ ዙሪያውን እኩል ይደርሳል፤ አንዱን ጎን ብቻ ሲልሰው ያ ጎን ከሌላው ቀድሞ ይለጠጥና ይሰነጠቃል።

ከታች የነሰነስሽው ዱቄት ከላዩ የባሰ ነው። ሻማው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ያ ሁሉ ዱቄት በቀጭን የቀለጠ ሰም ውስጥ ይዋኛል። ያን ጊዜ ላዩ በሙሉ አንድ ላይ ሊቀጣጠል ይችላል። ያን ሰዓት ሻማው ያለው አንቺ ቤት አይደለም፣ ገዢሽ ቤት ነው።

ስለዚህ ከነገ ወዲያ እነዚህን አትሽጪ። አንዱንም።

ጨረቃ በደጄ (ጠያቂ)
እንዴ! ታዲያ በየፎቶው በአበባ የተሸፈነ ሻማ የማየው ምንድን ነው? ሁሉም ሰው ይሠራዋል እኮ።

እትዬ ጦስኝ
ፎቶው ላይ በርቶ አይተሽዋል? አብዛኛው ሲነሳ ጠፍቶ ነው። ከበራም ገና መብራቱ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ያለውን ፎቶ ማንም አይለጥፍም።

ሰምና ወርቅ
ክሩን ግን ቆረጥሽው? 6 ሚሊ ሜትር።

የሳሙና እመቤት
እትዬ ጦስኝ ያሉት ትክክል ነው፣ የዘይቱን ነገር ግን ዘለሉት። የተዘፈዘፈ ወይራ ዘይትና ኢሴንሻል ኦይል አንድ አይደሉም። ኢሴንሻል ኦይል ከዕፅዋት አብዛኛውን ጊዜ በእንፋሎት ተጣርቶ የሚወጣ፣ ሽታው በጣም የጠነከረ ዘይት ነው። የተዘፈዘፈው ለቅባት ጥሩ ነው፣ ሻማ ውስጥ ግን ሽታው እዚህ ግባ አይባልም። ወይራ ዘይት ደግሞ በቤት ሙቀት አይረጋም፣ ስለዚህ ሰሙን ያለሰልሰዋል። ላዩ ላይ ላብ የመሰለ ጠብታ አላየሽም? እሱ ነው። ለሶያ ሰም ብዙ ሰው ከሰሙ ክብደት ከ6 እስከ 10 በመቶ ለሻማ የተዘጋጀ የሽታ ዘይት ያስገባል። በሚዛን እንጂ በማንኪያ አይለካም። የሶያ ሻማ ከተፈሰሰ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። ያኔ ነው ሽታው ሲበራ በደንብ የሚወጣው። ትናንት ፈስሶ ዛሬ የሚሸጥ ሻማ ገዢውን ያስቀይማል።

ጨረቃ በደጄ (ጠያቂ)
ላቡን አይቻለሁ። የጤዛ መስሎኝ ወድጄው ነበር። አሁን ግን ሁለት ሳምንት የለኝም፣ ባዶ ጠረጴዛ ይዤ ልቁም?

ጥቁር ድመት
ክሩን ንቀይና «ሻማ አይደለም» በያቸው። አለቀ። የማይበራ ነገር አያቃጥልም።

መርፌና ክር
ጥቁር ድመት ሳታስበው ትልቅ ነገር ተናገረች። ክር የሌለው፣ ከሰም የሚሠራ የሽታ ሰሌዳ የሚባል ነገር አለ። ሪባን ይታሰርበትና ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም በር እጀታ ላይ ይሰቀላል። ስለማይበራ የፈለግሽውን ያህል አበባ ትለጥፊበታለሽ። የአንቺ የጓሮ ውጤት የሚያምረው እንዲያውም እዚያ ላይ ነው። እኔ ከማክራሜ (በቋጠሮ ከተጎነጎነ) ክር ጋር ነው የምሸጠው።

የሶያ ሰም ለብቻው ለስላሳ ነው፣ ሲሰቀል ይጎብጣል። ከንብ ሰም ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅዪው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ያጠነክረዋል። ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሺ። ጠርዙ ነጣ ብሎ መሃሉ ገና ሲያብረቀርቅ ጠብቂ፤ ያን ጊዜ ነው አበባውን በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ የምትጫኚው። ቀድመሽ ካስቀመጥሽ ይሰምጣል፣ ከዘገየሽ አይያዝም። ገና ሳይደርቅ በመምጠጫ ቱቦ ለሪባኑ ቀዳዳ አውጪለት።

ጨረቃ በደጄ (ጠያቂ)
ኧረ ተባረኪ! ግን ቅርጽ ማውጫ የለኝም። ደግሞ የፈሰሰውን ሰም መልሼ መጠቀም እችላለሁ ወይስ ይጣላል?

መርፌና ክር
ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፊና ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት አፍስሺ። ሞቅ እንዳለ በቢላ አራት ማዕዘን ቁረጪው።

እትዬ ጦስኝ
ሰሙ አይጣልም። ብርጭቆዎቹን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሚያቸው፣ ውሃው ወደ ብርጭቆው አፍ እንዳይደርስ። ሲላላ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጪ፣ በደንብ አቅልጪ፣ በቀጭን ጨርቅ አጥልዪ። አንዳንዱ ሰው ብርጭቆው ውስጥ የፈላ ውሃ አፍስሶ ሰሙን ያንሳፍፋል። ዕቃ ለማጠብ ይሆናል፤ ሰሙን ግን ውሃ ያስገባበታል፣ ውሃ የገባበት ሻማ ሲነድ ይንጣጣል። የተሰነጠቀው ብርጭቆ ይጣል፤ እሱን አታድኚ። የቀረ ሰም ቧንቧ ውስጥ አታፍስሺ፣ እዚያው ረግቶ ይደፍንብሻል።

ያ ሰም ወይራ ዘይት ስላለበት የንብ ሰሙን ከግማሽ ትንሽ አብልጪ። ለሻማ አትጠቀሚበት። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ሰሌዳ ሠርተሽ ሌሊቱን አሳድሪና በጣትሽ ተጫኚው። ጥፍርሽ በቀላሉ ከገባ የንብ ሰም ጨምሪ። ለገዢም ንገሪ፦ ፀሐይ ላይና መኪና ውስጥ አይቀመጥም፣ ከልብስ ጋር አይነካካም፣ ዘይቱ ያቆሽሻል።

የሳሙና እመቤት
በአዲሱ ላይ ሽታ ስትጨምሪም፣ ቤትሽ ድመት ካለ ቲ ትሪ የሚባለውን ዘይት አትነካኪ። ለድመት መርዝ ነው።

ጥቁር ድመት
ይህን የጻፍሽውን በግሌ አመሰግናለሁ።

ቀና መንገድ
ሌብሉስ?

እትዬ ጦስኝ
ሌብሉን ይቀይሩታል እንጂ ምን ይደረጋል። በዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። «የሙሉ ጨረቃ» የሚለው ይቆይ፣ ስም ነው፣ ማንንም አይጎዳም። «ያባርራል»፣ «ይፈውሳል»፣ «ዕድል ይከፍታል» የሚለው ይውጣ። በምትኩ ሰሙ ምን እንደሆነና ሽታው ከምን እንደመጣ ይጻፍ። የቆዳ አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ፈልጎ ነው የሚያነበው። ወደፊት እውነተኛ ሻማ ስትሸጪ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ጨምሪበት፦ ብቻውን አይተው፣ ከልጅና ከእንስሳ ይራቅ፣ በአንዴ ከ4 ሰዓት በላይ አይብራ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሰም ሲቀር ይጥፋ። ከየብርጭቆው ዓይነት አንድ አንድ ደግሞ ራስሽ እስከ መጨረሻው አንድደሽ እይ። ከፈለግሽ ቅጠሉን ከብርጭቆው ውጭ አንገቱ ላይ በክር እሰሪ፣ ሲበራ የሚፈታ ሆኖ፣ ይህንንም ሌብሉ ላይ ጻፊ።

ሰምና ወርቅ
እኔ አሁንም ክሩ ነው የምለው።

የእሳት ዘብ
ክሩን መቁረጥ ጥሩ ልማድ ነው፣ ማንም አልተቃወመህም። ቅጠል ግን በክር ቁመት አይድንም።

የጓሮ ሰው
ጣልቃ መግባቴን ይቅር በሉኝ። እኔ ሻማ አልሠራም፣ ቅጠል በእቅፍ አስሬ ነው የምሸጠው። ጦስኙና ሮዝመሪው ያምራል። በሶብላውና ናናው ግን ከመሃል ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ይሻግታል። ሁሉንም የምሰቅለው አንድ ቦታ ነው። ምንድን ነው?

እትዬ ጦስኝ
በሶብላና ናና ውሃ የሞላባቸው ናቸው። ወፍራም እቅፍ ስታደርጋቸው መሃላቸው አየር አያገኝም። አምስት ስድስት ዘንግ ብቻ አንድ ላይ እሰር፣ ወይም ቅጠሉን ሸምጥጠህ ወንፊት ላይ ዘርጋው። ጥላ ይሁን፣ ነፋስ ይግባበት። ፀሐይ ቀለሙንም ሽታውንም ይወስደዋል። ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ቁረጥ።

መርፌና ክር
በክር ሳይሆን በላስቲክ እሰረው። ዘንጉ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ክሩ ይላላና ሁሉም ወለል ላይ ይረግፋል። ላስቲክ አብሮ ይጠብቃል። ለሽያጭ ስታወጣው ከላዩ ያማረ ክር ጠምጥምበት።

የጓሮ ሰው
መድረቁን በምን አውቃለሁ? ከላይ ደርቆ ያታልለኛል።

እትዬ ጦስኝ
ቅጠሉን አትመን፣ ዘንጉን ስበረው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከታጠፈ ገና ነው። ከዚያ ክዳን ባለው ብርጭቆ አስገብተህ አንድ ቀን ጠብቅ። በውስጥ በኩል ላብ ካየህ አውጥተህ መልሰህ ዘርጋው።