ጀርመንኛ ላይ ቨርቡ (ግሱ) አንዴ ሁለተኛ አንዴ መጨረሻ፣ ሎጂኩን የሚያስረዳኝ አለ?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ናችሁ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው፣ ኤ2 (ሁለተኛው ደረጃ) ላይ ነኝ። ኤ1 ላይ ቨርብ ሁሌ ሁለተኛ ቦታ ነው ተባልን፣ ኢሽ ሌርነ ዶይች (ጀርመንኛ እማራለሁ)፣ ቀላል፣ አለቀ። አሁን ቫይል (ስለ) እና ዳስ ("እንደመጣ" ላይ ያለው "እንደ") የሚባሉት ከመጡ በኋላ ቨርቡ ወደ መጨረሻ ተባረረ፣ ሞዳል ቨርብ (እንደ ሙስ፣ "አለብኝ" ያለው) ሲኖር ደግሞ አንዱ እዚህ አንዱ እዛ ማዶ፣ አንሩፈን የምትለዋ መደወልማ ጭራሽ ለሁለት ተሰንጥቃ አን ብቻዋን መጨረሻ ላይ ትቀራለች። ሰንጠረዡን ሸምድጃለሁ ግን ሰው እያወራኝ ሰንጠረዥ አላወጣም አይደል? ሎጂክ አለው ወይስ ዝም ብሎ ሽምደዳ ነው? ደግሞ ቫይል እና ዴን ሁለቱም ምክንያት መናገሪያ ሆነው ሳለ ለምንድነው ቨርቡን የተለያየ ቦታ የሚያስቀምጡት በናታችሁ።

አራት_ኪሎ_ማኪያቶ፦
ሎጂክማ አለው፣ ችግሩ ሲያስተምሩን ከተገላቢጦሹ መጀመራቸው ነው። "ቨርብ ሁለተኛ ነው፣ አንዳንዴ መጨረሻ ይሄዳል" ይሉናል። አንቺ ገልብጪው፦ የጀርመንኛ ቨርብ መደበኛ ቦታው መጨረሻ ነው፣ ልክ እንደኛ። ዋናው ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ከቨርቦቹ አንዷ፣ ማለትም በኢሽ (እኔ) በዱ (አንተ፣ አንቺ) በኤር (እሱ) የምትቀያየረዋ፣ ዘልላ ሁለተኛ ቦታ ትገባለች። ሌላው ካለበት ንቅንቅ አይልም።

እዪው፦ "ቫይል ኢሽ ሆይተ አርባይተን ሙስ"። በአማርኛ "እኔ ዛሬ መስራት ስላለብኝ"። አርባይተን መስራት፣ ሙስ አለብኝ፣ ቅደም ተከተሉ ቁጭ አንድ ነው እኮ! እኛ "ስለ"ን ቨርቡ ላይ እንለጥፋለን እነሱ ቫይልን ፊት ያስቀምጣሉ፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ። አሁን ቫይልን አውጪው፣ ሙስ ተነስታ ሁለተኛ ትገባለች፣ "ኢሽ ሙስ ሆይተ አርባይተን"። አርባይተን እዛው ናት። ያለፈውም ጊዜ እንደዛው ነው፣ "ዳስ ኢሽ ብሮት ገካውፍት ሃበ" (ዳቦ እንደገዛሁ) ላይ ገካውፍት ሃበን ገዝቼ-አለሁ ብለሽ አንብቢያት፣ ገዝቻለሁ ማለት እኮ ሲፈታ እሱው ነው። አንሩፈንም ብትሆን "ቬን ኢሽ ዲሽ ሞርገን አንሩፈ" (ነገ ስደውልልሽ) ስትዪ ሙሉ ናት፣ ዋና ዓረፍተ ነገር ሲሆን "ኢሽ ሩፈ ዲሽ ሞርገን አን"። አን የትም አልሄደችም፣ ሩፈ ናት ጥላት የሄደችው።

ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ የአማርኛ ሐሳብሽን በቫይል፣ በዳስ፣ በቬን ብቻ ቀይሪ፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ ዋናው ዓረፍተ ነገር መዝለል የምትለማመጂው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚሄደው።

ሹፌር_ነኝ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው ግን እኛን ሐበሾችን የሚጥለን መጨረሻው ሳይሆን መጀመሪያው ነው። ሁለተኛ ሲባል ሁለተኛ ቃል አይደለም፣ ሁለተኛ ቦታ ነው። ሚኒባስ አስቢ፦ ጋቢና የፈለገ ይገባል፣ ጊዜ ይሁን ባለቤት ይሁን ቦታ፣ ሹፌሩ ግን ከመሪው አይነሳም፣ ቨርቡ ሹፌሩ ነው። እኛ "ነገ እኔ እመጣለሁ" ስለምንል "ሞርገን ኢሽ ኮመ" ይመጣብናል፣ ያ ጋቢና ሁለት ሰው መጫን ነው። "ሞርገን ኮመ ኢሽ" ነው።

ደስ የሚለው ደግሞ አንድ ሙሉ የቫይል ሐረግ ጋቢናውን ብቻውን መያዝ ይችላል። "ቫይል ኢሽ ክራንክ ቫር፣ ቢን ኢሽ ትሱ ሃውዘ ገብሊበን"፣ ስለታመምኩ ቤት ቀረሁ። ኮማው ላይ ቫር እና ቢን ሁለት ቨርብ ግንባር ለግንባር ተፋጠዋል፣ እንደዛ ካየሽ ልክ ነሽ። እኛ ምክንያት ማስቀደም ስለምንወድ ይሄ አሰራር ይመቸናል።

ዴን ያልሽው፣ ዴን፣ ኡንት (እና)፣ አበር (ግን)፣ ኦደር (ወይም)፣ ዞንደርን (ይልቁንም) እንደ ቦታ አይቆጠሩም፣ ከነሱ በኋላ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። "ዴን ኢሽ ቢን ክራንክ" (ምክንያቱም አሞኛል)። ዴስሃልብ ("ስለዚህ" ማለት ነው) ግን ይቆጠራል፣ ስለዚህ "ዴስሃልብ ብላይበ ኢሽ"። ደግሞ ለምን ተብለሽ ስትጠየቂ በቫይል ነው የምትመልሺው፣ በዴን አይጀመርም።

ቦሌ_ሳይሆን_አራዳ፦
ጋቢና ሁለት ሰው ነው የሚጫነው ወዳጄ፣ ታክሲ ተሳፍረህ አታውቅም እንዴ 😂

ለማንኛውም የአማርኛው ዘዴ ሁሉ ቦታ አይሰራም። "ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ" ስንል ገለጻው ይቀድማል፣ እነሱ ጋ መጽሐፉ ቀድሞ ገለጻው ይከተላል፣ "ዳስ ቡኽ፣ ዳስ ኢሽ ጌስተርን ገካውፍት ሃበ"። ሐረጉ ውስጥ ቨርቡ ያው መጨረሻ ነው ግን ሐረጉ ራሱ ዞሯል። ጋዜጣ ላይ "ዳስ ጌስተርን ገካውፍተ ቡኽ" የሚል የኛን የሚመስል አጻጻፍ ታገኛላችሁ፣ ለማንበብ እወቁት፣ ሰው ሲያወራ ብዙም አይለውም።

የፒያሳዋ፦
ኧረ ተባረኩ፣ የመስራት ስላለብኝ ነገር ዛሬ ነው የገባኝ። ግን ቪዲዮ ላይ ጀርመኖቹ ራሳቸው "ቫይል ኢሽ ቢን ሙደ" (ስለደከመኝ) ሲሉ እሰማለሁ፣ ቢን እኮ መጨረሻ መሆን ነበረባት?

አራት_ኪሎ_ማኪያቶ፦
ይላሉ፣ ሲያወሩ በጣም የተለመደ ነው፣ ጽሑፍ ላይ ግን እንደ ስህተት ነው የሚታየው፣ እነሱ ሲሉት ያምርባቸዋል አንቺ ግን ፈተና አለብሽ። የጎተ ቢ1 (የጎተ ኢንስቲትዩት የሦስተኛው ደረጃ ፈተና) ላይ መጻፍ በ60 ደቂቃ 3 ጽሑፍ ነው፣ አንዱ ወደ 80 ቃል ሐሳብሽን የምትሰጪበት፣ እዛ ላይ ቫይል፣ ዳስ፣ ኦብቮል (ምንም እንኳ) በትክክል ካስገባሽ ይታይልሻል። ማለፊያው ከ100 60 ነው። እስቲ አንድ በኦብቮል ስሪልን።

የፒያሳዋ፦
"ኦብቮል ኤስ ሆይተ ሬግነት፣ ሙስ ኢሽ ዲ ኪንደር አብሆለን"። ዛሬ ቢዘንብም ልጆቹን ማምጣት አለብኝ ለማለት ነው።

ሹፌር_ነኝ፦
ልክ ነው። አብሆለን ለምን እንዳልተሰነጠቀች አይተሻል? የዘለለችው ሙስ ስለሆነች ነው።