መደበኛ ቀበቶ ባለው መኪና የውድድር ትራክ ላይ ልነዳ ነው፣ ለአንገቴ ምን ልግዛ?

የአራዳው ሾፌር፦
ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ነው የምኖረው፤ ቱሪስት ይዤ ደባርቅ መመላለስ ሥራዬ ነው። የአጎቴ ልጅ ዱባይ ይኖራል፣ ለእረፍት ስሄድ ዱባይ አውቶድሮም በሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ በራሱ መኪና ሊያስነዳኝ ቃል ገብቶልኛል። መኪናው ቶዮታ 86 ነው፤ ወንበሩም ቀበቶውም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

የሚያሳስበኝ አንገቴ ነው። ዓምና አዘዞ መግቢያ ላይ ቆሜ እያለሁ አንድ መኪና ከኋላ ገጭቶኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገቴን ማዞር አቅቶኝ ነበር። አሁን ደግሞ ሄልሜት ሊጨመርበት ነው። የጓደኛዬን የሞተር ሄልሜት ቅዳሜ ገበያ የበርበሬ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነ። ሃንስ የሚባለውን የጭንቅላትና የአንገት መከላከያ ልዘዝ ወይስ አንገት ላይ የሚጠመጠመው ስፖንጅ ይበቃል? የምታውቁ ንገሩኝ እባካችሁ።

መካኒኩ ከአዘዞ፦
ወንድሜ፣ ሃንሱን ገና አትዘዝ። ሃንስ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ከሄልሜቱ ጋር በሁለት አጫጭር ማሰሪያዎች ይያያዛል፣ ግን ሰውነትህ ላይ አይታሰርም። ቦታው ላይ የሚይዙት በሁለቱም ትከሻ ላይ የሚያልፉት የውድድር ቀበቶዎች ናቸው። የአጎትህ ልጅ መኪና ቀበቶ ግን በአንድ ትከሻ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሲያርሱ ያየ ሰው ይገባዋል፤ አንዱ በሬ ሲወጣ ቀንበሩ ወዴት ነው የሚያዘነብለው? ስትጋጭ ደረትህም ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ የተያዘው ትከሻ ይቀራል፣ ያልተያዘው ይወጣል።

ላንተ የሚሆነው በራሱ ማሰሪያ ደረትና ጀርባ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ነው። ሲምፕሰን ሃይብሪድ የሚባለው እንደዚያ ነው። እንደ ጀርባ ቦርሳ ትለብሰዋለህ፣ ጭንቅላትህን ከገዛ ደረትህ ጋር ያያይዝልሃል። ሞዴሉ ብዙ ስለሆነ ከሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ ማለትም ከፋብሪካው ቀበቶ ጋር መሥራቱን የአምራቹ መመሪያ ላይ አንብብ። ሻጩ ስላለህ ብቻ አትመን። ኤስኤፍአይ 38.1 የሚል የደህንነት ደረጃ መለያም ፈልግበት።

የሞተሩን ሄልሜት ደግሞ ተወው። ለመኪና ውድድር የሚሠራው ስኔል ኤስኤ የሚል የደህንነት መለያ ያለው ነው፣ በእሳትም ተፈትኗል። 2020 የሚለውን ካገኘህ ግራና ቀኝ ማሰሪያው የሚገባበት የቡሎን ቀዳዳ አለው። በምንም ዓይነት ራስህ በድሪል እንዳትበሳ።

ድንገተኛ ክፍል የሠራሁ፦
ስፖንጁን በተመለከተ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰዎች ሲሳሳቱበት አያለሁ። ስፖንጅ አንገት እንዳይደክም ያግዛል፣ በግጭት ጊዜ ግን ወደ ፊት የሚወረወርን ጭንቅላት አያቆምም። ቀበቶው ደረትህን ይይዘዋል፣ ጭንቅላትህ ከነሄልሜቱ ጉዞውን ይቀጥላል፣ መሀል ላይ ያለው አንገትህ ነው። ጉዳቱ ሲከፋ የራስ ቅል ከአንገት የሚገናኝበት የታችኛው አጥንት ይሰበራል። እዚያ ጋ ደግሞ ትልልቅ የደም ስሮችና ዋናው የነርቭ መስመር ናቸው የሚያልፉት። የአሜሪካው የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት የሞተው በዚህ ነው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2001 ዴይቶና ላይ፣ በመጨረሻው ዙር። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረ ሰው! ውድድሩን የሚመራው ናስካር በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የአንገት መከላከያ ግዴታ አደረገ፣ ፎርሙላ ዋን በ2003። ሃንስን የሠራው ሮበርት ሃበርድ ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዞት ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ማለፉ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማራኪ ሰፈር፦
ታዲያ በሁለቱም ትከሻ የሚያልፈውን ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ አስገብቶ ሃንሱን ቢያደርግስ? አይቀልም?

መካኒኩ ከአዘዞ፦
አይቀልም ወዳጄ፣ እንዲያውም እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። መደበኛው ቀበቶ ሰውነትህ ትንሽ ዘንበል እንዲል ይፈቅዳል፣ መኪናው ተገልብጦ ጣሪያው ቢወርድ ጎንበስ ማለት ትችላለህ። ባለ አራቱ ቀጥ አድርጎ ይይዝሃል። ሮል ባር፣ ማለትም ጣሪያውን የሚደግፈው የብረት ቅስት ከሌለ ጣሪያው የሚያርፈው አናትህ ላይ ነው። በእግር መሀል የሚያልፈው ማሰሪያም ስለሌለው የወገቡ ቀበቶ ሽቅብ ወጥቶ ሆድህ ላይ ሊገባ ይችላል። ወይ ወንበሩን፣ ቀበቶውን፣ ሮል ባሩን፣ ሃንሱን አንድ ላይ ትቀይራለህ፣ ወይ የፋብሪካውን እንዳለ ትተዋለህ። ግማሽ ግማሹን መቀየር ነው ሰው የሚጎዳው።

የአራዳው ሾፌር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ማታ ሄልሜት ላለው ጓደኛዬ ደወልኩለት፣ የሄልሜቱን ውስጥ ስፖንጅ ገልጦ መለያውን አነበበልኝ፤ ኤም ነው የሚለው፣ የሞተር ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሄልሜት፣ ቀጥሎ ደረት ላይ የሚታሰረው። ገንዘቡ ካልደረሰልኝ ደግሞ ለዘንድሮ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሳይሆን ከአጥር ውጭ ቆሜ አያለሁ።

ድንገተኛ ክፍል የሠራሁ፦
ጎበዝ። ከለበስከው በኋላ ደግሞ ሞተር ሳይነሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጥና ዓይንህን ጨፍነህ ማሰሪያዎቹን ፍታቸው። በሩን ከፍተህ እስክትወጣ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ሞክረው፣ አንዴ በግራ እጅህ ብቻ።