ክርክር፦ ለሊኑክስ ላፕቶፕ ዝግ ፈርምዌር ያለው የዋይፋይ ካርድ እንምከር ወይስ አንምከር?

ጥያቄ አቅራቢው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰዎች ሊኑክስ መጫን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስክሪኑ ይሠራል፣ ድምፁ ይሠራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል። ዋይፋዩ ግን አንዳንዴ ጭራሽ የለም። አዲስ ሰው ደግሞ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ይዞ ብዙ አይታገስም። ወደ ለመደው ሥርዓት ይመለሳል፤ ዳግም ለማምጣት ይከብዳል።

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ «የላፕቶፔን የዋይፋይ ካርድ ልቀይር ነው፤ የትኛውን ላስገባ?» አለችኝ። ኢንቴል ኤኤክስ210 አልኳት። ሌላ ወዳጄ ይህን ሰምቶ ከልቡ ተቆጣ። «ነጻ ሥርዓት ጭነህላት ዝግ ኮድ ታሸክማታለህ?» አለኝ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት በሆነው ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ ካርዱን የሚያዘው ኮድ ነው። ፈርምዌር ደግሞ ካርዱ ላይ ባለችው ትንሽ ፕሮሰሰር ላይ የሚሮጠው ነው። የኢንቴል ድራይቨር ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው። ፈርምዌሩ ግን ምንጩ የማይታይ ፋይል ነው። ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ድራይቨሩ ፋይሉን አንስቶ ካርዱ ላይ ይጭነዋል። እና ምን ትላላችሁ? አጥፍቻለሁ?

ነጻ ኮድ፦
ወዳጅህ ልክ ነው። የምትልከውም የምትቀበለውም ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ካርድ ነው። እዚያ ላይ የሚሮጠውን ኮድ ማንም ገለልተኛ ሰው አንብቦ ሊመረምረው አይችልም።

አማራጭ የለም እንዳይባል፣ አለ። ኤቲኤች9ኬ የሚባለው ድራይቨር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ አለ፤ ከርነል 2.6.27 ላይ ነው የገባው። አቴሮስ የሚባለው አምራች የሠራቸውን ቺፖች፣ ኤአር9280ን፣ ኤአር9380ን፣ ኤአር9462ን ያሠራል። እነዚህ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገቡ ካርዶች ዋይፋያቸው እንዲሠራ ምንም የፈርምዌር ፋይል አይፈልጉም። ሥራውን የሚመራው ክፍቱ ድራይቨር ነው። ትሰካለህ፣ ታበራለህ፣ ይሠራል። በዩኤስቢ የሚሰካ ከፈለግክ ኤአር9271 አለ። እሱ ፈርምዌር ይፈልጋል፤ የፈርምዌሩ ምንጭ ኮድ ግን በ2013 ተለቋል።

የመስመር ባለሙያዋ፦
ወንድሜ፣ ኤቲኤች9ኬን እኔም እወደዋለሁ። ግን ለአዲስ ሰው፣ ዛሬ? ካርዶቹ ዋይፋይ 4 ናቸው፤ የቆየ ትውልድ ማለት ነው። ባለ ሁለት አንቴናው በወረቀት ላይ 300 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ እጅህ ላይ የሚደርሰው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ኤኤክስ210 በወረቀት ላይ 2.4 ጊጋቢት ነው። ፍጥነቱን እንኳ ተወው። ከዚሁ ቤተሰብ ኤአር9285 እና ኤአር9485 የ5 ጊጋኸርትዝን ሞገድ ጭራሽ አያዩም፤ የሚሠሩት በ2.4 ብቻ ነው። ሰው በበዛበት ሕንፃ ውስጥ 2.4 ጊጋኸርትዝ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። እርስ በርስ የማይረበሹት ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤት ሁሉ እነሱ ላይ ይጋፋል። ያ ሰው «ሊኑክስ ይንቀራፈፋል» ነው የሚለው። ካርዱን አይወቅስም።

ኢንቴልን የምመክረው ስሙን ስለምወድ አይደለም። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ስላለ ነው። ኤኤክስ200 ከከርነል 5.1 ጀምሮ፣ ኤኤክስ210 ደግሞ ከ5.10 ጀምሮ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ከርነሉን ብታድስ አይሰበርም፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይጠበቃልና።

ተማሪዋ፦
እኔ የደረሰብኝን ልናገር። ላፕቶፔን ስገዛ ካርዱ ምን እንደሆነ አላየሁም። ሊኑክስ ስጭን ዋይፋይ የለም። ፈልጌ ፈልጌ አንድ ሰው በግሉ ያስቀመጠውን ድራይቨር አገኘሁ። ከምንጭ ኮዱ ገንብቼ አስገባሁት። ሠራ። በጣም ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ከርነሉ ታደሰ፣ ድራይቨሩ መገንባት እምቢ አለ። በማግስቱ ፈተና ነበረኝ። ስልኬን በዩኤስቢ አገናኝቼ ነው በእሱ ኢንተርኔት ያደርኩት። እስኪነጋ ሳነብ የነበረው የግንባታ ስህተት ነው፤ ለፈተናው ምንም አላነበብኩም።

የሚገርመው፣ የዚያ ካርድ ድራይቨር ምንጭ ኮዱ ክፍት ነበር። ክፍት መሆኑ አላዳነኝም። ያቃጠለኝ ከከርነሉ ውጭ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፈርምዌሩ ላይ ብቻ ስትከራከሩ ዋናው ጥያቄ እየተረሳ ይመስለኛል።

የመስመር ባለሙያዋ፦
እህቴ፣ ትልቁን ነጥብ አነሳሽው። አንድ ነገር ልጨምርበት። «የእገሌን ካርድ አትግዙ» የሚለው ምክር ቶሎ ያረጃል። ሪልቴክ የሚባለውን ቺፕ አምራች ሰው ሁሉ ይሸሸው ነበር፤ ምክንያትም ነበረው። ግን አርቲደብልዩ88 የሚባለው የሪልቴክ ድራይቨር በ2019 ከርነል 5.2 ላይ ገባ፤ አርቲደብልዩ89 ደግሞ በጥር 2022 ከ5.16 ጋር መጣ። የሌላው አምራች የሚዲያቴክ ቺፕ የኤምቲ7921 ድራይቨር በ2021 ከርነል 5.12 ላይ ገባ። ስለዚህ የሚታየው የቺፑ ቁጥር እና የከርነሉ ዕድሜ ነው። አዲስ ቺፕ ይዞ አሮጌ ከርነል ያለው ስርጭት (እንደ ዴቢያን ያለ ተዘጋጅቶ የሚጫን ሊኑክስ) የሚጭን ሰው ካርዱ ጥሩ ሆኖም ዋይፋይ ያጣል።

በግልጽ ተወው የምለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ድራይቨሩ ራሱ ዝግ የሆነ። ብሮድኮም የሚባለው አምራች ደብልዩኤል የተባለ ድራይቨር እንዲህ ነው። አንዳንድ የብሮድኮም ቺፖች ክፍት ድራይቨር አላቸው፤ በደብልዩኤል ብቻ የሚሠሩት ግን የተማሪዋን ሌሊት ይደግሙታል።

ቢኤስዲ ተጠቃሚ፦
እኔ የምጠቀምበት ሌላ ነጻ ሥርዓት፣ ኦፕንቢኤስዲ ላይ መስመሩ የተሰመረው እዚያው ጋ ነው። ከርነል ውስጥ ዝግ ኮድ አይገባም፣ በቃ። ካርዱ ላይ የሚሮጥ ፈርምዌር ግን ማከፋፈል እስከተፈቀደ ድረስ ይፈቀዳል። ሥርዓቱ መጀመሪያ ሲነሳ ኤፍደብልዩ አፕዴት የሚባለው ትእዛዝ የሚያስፈልገውን ያወርዳል። ከርነል ውስጥ ያለ ኮድ ሁሉን ያያል። ካርዱ ላይ ያለው ግን ከሽቦው ወዲያ ነው።

ነጻ ኮድ፦
ከሽቦው ወዲያ አይደለም። ላፕቶፕ ውስጥ የሚሰካ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ በቀጥታ የላፕቶፑን ማህደረ ትውስታ ማንበብና መጻፍ ይችላል። አይኦኤምኤምዩ፣ ማለትም ካርዶች የሚደርሱበትን ማህደረ ትውስታ የሚገድበው ክፍል፣ ካልበራ የሚያግደው የለም። በ2017 ብሮድፖን የተባለውን ክፍተት አስታውሱ። በብሮድኮም የዋይፋይ ቺፕ ፈርምዌር ውስጥ ነበር። የስልኩ ባለቤት ምንም ሳይነካ፣ በአየር ላይ ብቻ፣ ቺፑን መቆጣጠር ይቻል ነበር። ፈርምዌሩ ክፍት ቢሆን ስንት ዓይን ያየው ነበር?

ፈርምዌሩ እኮ ማሽንህን ያዝበታል። በኢንቴል ካርድ ላፕቶፕህን በ5 ጊጋኸርትዝ ሆትስፖት ለማድረግ ሞክር። በአብዛኛው እምቢ ይልሃል። የት አገር እንዳለህና የትኛው ቻናል እንደሚፈቀድልህ የሚወስነው ፈርምዌሩ ነው። አንተ የምትለውን አይሰማም።

የመስመር ባለሙያዋ፦
የሆትስፖቱ ነገር እውነት ነው፤ እኔንም አስቸግሮኛል። በብሮድፖን ግን እዚህ ላይ እንለያይ። ያ ክፍተት የተደፈነው ፈርምዌሩ በዝማኔ ሊቀየር ስለቻለ ነው። የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ለመሣሪያዎች የሚሰጠው ማረጋገጫ ዝግ ፈርምዌር ከዲስክ ሲጫን አይቀበልም። ቺፑ ውስጥ ተቀርጾ እንዲቀየር ካልታሰበ ግን ያልፈዋል። ለእኔ ይህ አይዋጥልኝም። ያው ዝግ ኮድ ነው፤ የቀረው የመጠገን ዕድሉ ነው።

ነጻ ኮድ፦
በዚህ ነጥብ ልክ ነሽ። እኔም ያንን ደንብ ለመከላከል አልደክምም። ኤቲኤች9ኬ ግን እንደዚያ አይደለም። የተቀረጸ ፈርምዌር ደብቆ «ንጹሕ ነኝ» አይልም፤ ሥራው በእርግጥም ድራይቨሩ ውስጥ ነው። ለዚህም ነው በ2016 እና በ2017 በሊኑክስ ዋይፋይ ላይ የወረፋ መዘግየትን የመቀነስና የአየር ጊዜን ለተጠቃሚዎች በእኩል የማካፈል ሥራ ሲሠራ ቀድሞ እዚህ ድራይቨር ላይ የተሞከረው። ወረፋው ፈርምዌር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማን ይነካው ነበር? የክፍት ኮድ ጥቅም ይህ ነው። በተግባር የታየ ነገር ነው፤ ሃይማኖት አድርጋችሁ አትዩት።

ጠጋኙ፦
ልጆች፣ ስለ ኮዱ ብዙ አውቃለሁ አልልም፣ ካቻቢቴው ግን የእኔ ነው። ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ከመግዛት በፊት ላፕቶፑ ካርድ ይቀበል እንደሆነ እዩ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። አለቀ፤ መቀየር የለም። አንዳንድ የድሮዎቹ ላይ ደግሞ ባዮሱ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለው። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስትሰኩ «ያልተፈቀደ ካርድ» ብሎ አልነሳም ይላል። አንዴ ለአንድ ደንበኛ ይህን ሳላጣራ ካርድ ገዛሁ። ላፕቶፑ በጥቁር ስክሪን አፍጥጦ ቀረ። ካርዱን በራሴ ኪሳራ ነው የተካሁት።

ሁለተኛው ስህተት ስም ማምታታት ነው። ኤኤክስ210 እና ኤኤክስ211 በአንድ ቁጥር ብቻ ይለያያሉ። ኤኤክስ210 ሙሉ ካርድ ነው። ኤኤክስ211 ግን ግማሽ ሥራውን ለኢንቴል ፕሮሰሰር የሚተው ነው፤ ሲኤንቪአይ ይሉታል። ኤኤምዲ ላፕቶፕ ላይ ብትሰኩት አይታይም። ቀዳዳው ልክ ስለሆነና ስለሚገባ ሰው ይታለላል። ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201ም እንደዚሁ ናቸው። ሰው መጥቶ «ሊኑክስ ካርዴን አላወቀውም» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ያችን የመጨረሻ ቁጥር ነው።

የአንቴናው ጫፍም ይለያያል። ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው የድሮ ዓይነት ካርድ ላይ ያለው ተለቅ ይላል፣ ኤም.2 በሚባለው አዲሱ ዓይነት ላይ ያለው ትንሽ ነው። እንዲገጥም ብላችሁ አትጫኑት። እነዚህ ጫፎች በተደጋጋሚ ለመንቀልና ለመሰካት አልተሠሩም። ቀጥ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ። ባትሪውን ደግሞ መጀመሪያ ንቀሉ።

ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኔን ካርድ ማንነት ላፕቶፑን ሳልከፍት ማወቅ እችላለሁ? እርስዎ እንዴት ነው የሚያዩት?

ጠጋኙ፦
ትችያለሽ የኔ ልጅ። ተርሚናል ላይ ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የሚለውን ትእዛዝ ስጪ። የአምራቹና የቺፑ ቁጥር እንዲታይሽ ኤን ኤን (-nn)፣ የያዘው ድራይቨር እንዲታይሽ ደግሞ ኬ (-k) ጨምሪበት። የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው። ካርዱ ታይቶ ድራይቨር ካልተጻፈበት ከርነሉ አላወቀውም ማለት ነው። ድራይቨር ተጽፎ ዋይፋይ ከሌለ የከርነሉን መዝገብ እይ፤ ብዙ ጊዜ የፈርምዌር ፋይል አጣሁ ይላል። አርኤፍኪል (rfkill) የሚለውን ትእዛዝም ሞክሪ፤ ዋይፋዩ ተዘግቶ እንደሆነ ያሳይሻል። ካርዱ በኪቦርድ ቁልፍ ተዘግቶ ሳለ ስንቱን ካርድ ነው «ሞቷል» ብለው ያመጡልኝ።

ቢኤስዲ ተጠቃሚ፦
ከታወቁት የሊኑክስ ስርጭቶች አንዱ ዴቢያን ይህንኑ ክርክር በድምፅ ነው የጨረሰው። ለብዙ ዘመን ይፋዊው መጫኛ ዝግ ፈርምዌር አልነበረውም። የያዘው መጫኛ ለብቻው፣ ይፋዊ ያልሆነ ተብሎ ተቀምጦ ነበር፤ አዲስ ሰው አያገኘውም። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጡ። በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን በይፋዊው መጫኛ ውስጥ ይዞ መጣ። የማይፈልግ ሰው ሲጭን ማጥፋት ይችላል። ዝግ ፈርምዌሮቹም በራሳቸው ክፍል ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ከሌላው ዝግ ሶፍትዌር ጋር አልተቀላቀሉም።

ነጻ ኮድ፦
ያንን ውሳኔ አልወደድኩትም፣ ግን አንድ ነገሩን አከብራለሁ። የተጫነውን አይደብቁም። አሁን ጥያቄ አቅራቢውን ልጠይቅ። ኤኤክስ210 ግዢ ስትላት ፈርምዌሩ ዝግ እንደሆነ ነግረሃታል?

ጥያቄ አቅራቢው፦
አልነገርኳትም። እሷን ማድከም መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ወዳጄ የተቆጣው በካርዱ ብቻ አልነበረም። እሷን ሳላማክር ስለ እሷ መወሰኔ ነው። ሊኑክስን የመረጠችው እኮ ማሽኗ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ ስለፈለገች ነው።

ቢኤስዲ ተጠቃሚ፦
ደውልላት።

ጥያቄ አቅራቢው፦
ደወልኩላት። ሁለቱንም አስረዳኋት፤ የኤኤክስ210ንም የኤቲኤች9ኬንም። በጥሞና ሰማችኝ። «ቤቴ ውስጥ ብዙ ፍጥነት አያስፈልገኝም፣ ግን ኮዱ የሚታይ ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች። እኔ ይህን መልስ አልጠበቅኩም። 5 ጊጋኸርትዝ ግን ትፈልጋለች፤ ጎረቤቶቿ ብዙ ናቸው። ላፕቶፑ የኤም.2 ቀዳዳ ነው ያለው። ኤቲኤች9ኬ በኤም.2 ይገኛል?

የመስመር ባለሙያዋ፦
ካወቀች በኋላ ያንን ከመረጠች እኔም አልከራከርም። 5 ጊጋኸርትዝ የሚያየውን ይዛ ጥሩ ትሠራለች። ኤኤክስ210 የሚያየው የ6 ጊጋኸርትዝ ሞገድ እንደማይኖራት ብቻ ንገራት።

ጠጋኙ፦
ኤአር9462 በኤም.2 ተሠርቷል። 5 ጊጋኸርትዝም ያያል፣ ብሉቱዝም አለው። ብሉቱዙ ግን የራሱን የፈርምዌር ፋይል ይጠይቃል፤ ይህንንም ንገራት። ከመግዛቷ በፊት የታችኛውን ክዳን ከፍታ የካርዱን ቦታ ፎቶ ታንሳልኝ። አንቴናዎቹ ስንት እንደሆኑና ጫፋቸው የትኛው እንደሆነ ካየሁ በኋላ ነው «ግዢ» የምላት።